ዊንሎ ላይ የሚያንኳኳው ሙሽራ

ሴፕቴምበር 8 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.
ኦሃዮ

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ኦሪን ሾዋልተር፤
ኖቫ ስኮሺያ፣ ካናዳ

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም በቤትዎ ይሁን። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎስ? እኛ በሙሉ ደህና ነን። አያቴ ዌንደል ጉልበቱን ከሚያመው በቀር አሁንም ማለዳ ተነስቶ ላሞቹን ያያል፤ አባቴ ተው ቢለውም አይሰማም።

መቼም ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ «ሮዌና ደግሞ ማን ናት?» ማለትዎ አይቀርም። የወንድምዎ የዌንደል የልጅ ልጅ ነኝ። ለገና የሚልኩልንን ከሜፕል ዛፍ ጭማቂ የሚሠራ ከረሜላ ከልጅነቴ ጀምሮ አብዛኛውን የምጨርሰው እኔ ስለሆንኩ፣ ባያውቁኝም አስወፍረውኛል። ኢንተርኔት እንደማይወዱ፣ ስልክም በደንብ እንደማይሰማዎ ስለነገሩኝ ነው በወረቀት የመጣሁት።

አሁን እርስዎ በተማሩበት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የምኖረውም ዊንሎ ህንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሴት አያቴ ከማረፏ በፊት «ኦሪንም እዚያው ነበር» ብላ አምልጧት ነገረችኝ፤ ወዲያው ወሬውን ወደ ድንች አዞረችው። ስለ እርስዎ ሲነሳ ቤታችን ሁልጊዜ ወደ ድንች ይዞራል፤ አይቀየሙኝ።

የምጠይቅዎ ስለ ሙሽራው ነው። ፎቃችን አሁን የሴቶች ነው፤ ብርድ ሲገባ በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን መስኮት ሙሽራው የሚሉት አንድ የሞተ ልጅ ያንኳኳል ይባላል። ድሮ አንዲት ልጅ እመጣለሁ ብላው እዚያ መስኮት ላይ ሲጠብቅ ቀረችበት፤ እሱም የክት ሱፉን ለብሶ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ሞተ ይላሉ። ስለዚህ አዲስ የገቡ ልጆች የመጀመሪያው ውርጭ ሲጥል ከንፈራቸውን ቀለም ቀብተው መስታወቱን ይስሙታል፤ ተጽናንቶ እንዲተወን ነው። እኔም ዓምና ስሜያለሁ።

በኦክቶበር አንድ የተማሪዎች ማኅበር የታሪክ ወር ያከብራል፤ እኔም በዝግጅቱ እያገዝኩ ነው። ሙሽራውን ያውቁት ነበር? ልጅቷስ ማን ነበረች?

አክባሪዎ፣ ሮዌና ሾዋልተር


ሴፕቴምበር 21 ቀን

ለሮዌና፤

የእግዚአብሔር ሰላምና ጸጋ ይብዛልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። እጅ ጽሑፍሽ የእናቴን ይመስላል፤ ፖስታውን ሳየው ትንሽ ደነገጥኩ።

እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ነፋሱ ጀምሯል። ከጀልባው ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ጎረቤቶቼ ጀልባቸውን ሲጠግኑ አጠገባቸው ቆሞ መተቸት ነው፤ ብዙም አልወደዱልኝም። ወንድሜን ስለ ጉልበቱ አዝኛለሁ በይልኝ። ወይም ተይው፣ አትበይው።

ስለጠየቅሽው ነገር ብዙ የማውቀው የለም። በእኔ ጊዜ ዊንሎ ውስጥ የሚያንኳኳ ነገር ቢኖር የማሞቂያው ቧንቧ ነበር። ልጅቷን አላውቃትም። ትምህርትሽን አጥኚ፤ ሙታንን ለቀቅ አድርጊያቸው። ከረሜላውን ዘንድሮ አበዛዋለሁ።

አጎትሽ ኦሪን

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። የምትስሙት መስኮት በመንገዱ በኩል ያለው ነው ወይስ በኩሬው በኩል?


ሴፕቴምበር 30 ቀን

የተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ባሕራችሁ ይስፋ። በነፋሱም በብርዱም ጌታ ይርዳዎ።

መስኮቱ በኩሬው በኩል ያለው ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ግን የትኛው መስኮት እንደሆነ ለምን ይጠይቃል? ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ።

ያልነገርኩዎ አለ። ማኅበሩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑና በተወለዱበት ፆታ የማይኖሩ ተማሪዎች ማኅበር ነው። የምናከብረውም የእነሱን ታሪክ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፎቶና ጽሑፍ እንሰቅላለን። ኦክቶበር 11 ደግሞ ሳሩ መካከል ግድግዳ የሌለው በር ይቆማል። የቲያትር ተማሪዎች የሠሩት ነው፤ በቀስተ ደመና ቀለም ተቀብቷል። ማንነቱን ደብቆ የኖረ ሰው በዚያ ያልፋል፤ ወዳጆቹ ወዲያ ማዶ ቆመው ይቀበሉታል። ነገሩ ይኸው ነው። የሚገርመው ግን ፈርጣማ ፈርጣማ ልጆች ከዚያ ወዲያ ሲደርሱ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ።

ችግራችን ስለ ራሳችን ኮሌጅ ያለን ታሪክ የሚጀምረው ከ1987 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት እንደዚህ ያለ ሰው ያልተፈጠረ ይመስላል። የማኅበሩ ኃላፊ ጓደኛዬ ዳኒካ የሙሽራውን ተረት አታምነውም። «አንዲት ሴት ስለቀረችበት ሱፍ ለብሶ ኩሬ የሚገባ ወንድ አላውቅም፤ ወንዶቹ የሚገቡት መጠጥ ቤት ነው» ትላለች። እንደ እነሱ የሆነ ልጅ ነበር ወይ? እባክዎ ከ11 በፊት ይጻፉልኝ።

እኔ ማኅበሩ ውስጥ ያለሁት ዳኒካን ለማገዝ ብቻ ነው። ለአያቴ ግን እንዳይጽፉለት። በእኛ ቤት ሁሉ ነገር ሆድ ይፍጀው እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ሮዌና


ኦክቶበር 12 ቀን

አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። መልስዎ አልደረሰኝም። ታመው ይሆን? ወይስ አስቀይሜዎት ነው?

በሩ ትናንት ቆሞ ዋለ። መጀመሪያ ያለፈው ከእርሻ ቤት የመጣ፣ አንገቱ የበሬ የሚያህል ልጅ ነው። እናቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነድታ መጥታ ማዶ ትጠብቀው ነበር፤ ሲደርስ በጥፊ የምትመታው መስሎን ደነገጥን፤ እሷ ግን የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክላለት አቀፈችው። ከዚያ ሌሎችም አለፉ። እኔ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ጫማዬን እንደማስር ጎንበስ አልኩና ወጣሁ።

ዳኒካን ለማገዝ ብቻ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። የማፈቅረው ሴቶችን ነው። ከዘመድ ወገን ይህን የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። አይተውኝ የማያውቁ ሰው ስለሆኑ መሰለኝ የደፈርኩት። በሩ ጋ ስቆም ማዶ የታየኝ አያቴ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ፊቱን ቢያዞርብኝ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

ሌላም አለ፤ ይስቁብኝ። ትናንት ሲመሽ መስኮቱ ተንኳኳ። የማሞቂያው ቧንቧ ነው እንዳልል፣ ቧንቧው ከተነቀለ ዓመታት ሆኖታል። ዓምና የሳምኩትን መስታወት ዘንድሮ በአጠገቡ ማለፍ ፈራሁ። የማያውቀኝን ልጅ በውሸት ከንፈር ያጽናናሁት ይመስለኛል።

ሮዌና


ኦክቶበር 26 ቀን

የተወደድሽ ሮዌና፤

የአባቶቻችን አምላክ ይባርክሽ፤ ከነሙሉ ማንነትሽ ይባርክሽ። የጻፍሽልኝን ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። አልታመምኩም። አልተቀየምኩም። ፈርቼ ነው የዘገየሁት።

እኔም እንዳንቺው ነኝ። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍር የመጀመሪያዬ ነው።

ሙሽራ የምትሉት ልጅ ስሙ ሊላንድ ኬስለር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው። ወላጆቹ ሞተው አክስቱ ናት ያሳደገችው፤ እሷም ብዙ አትፈልገውም ነበር። ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ግራና ቀኝ እግሩ አንድ ዓይነት ካልሲ ለብሶ አይቼው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ከመዝሙሩ ወጥቶ ወደ ራሱ አገር ይሄድ ስለነበር፣ መሪው «ኬስለር፣ አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ይለው ነበር። ወደድኩት። እሱም ወደደኝ። ማንንም አልጎዳንም።

የምትጠበቅ ልጅ አልነበረችም፤ የጠበቀው እኔን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኔን ሴት ልጅ አድርጋችሁ ስታወሩኝ እኔ የምሰማው አሁን ካንቺ ነው።

በ1961 መጸው አንድ ሰው እኔንና ሊላንድን አብረን አይቶ ለተማሪዎች ኃላፊው ነገረ። ያኔ ክስም ክርክርም የለም፤ ቤተሰብ ይጠራል፣ ልጁ ይወሰዳል፣ ሌላ ቀን ስሙ አይነሳም። አባታችን ታሞ ስለነበር የመጣው ዌንደል ነው፣ በእርሻው መኪና። በሩን ከፍቶ «ግባ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ያሉት የእናቴ ዘመዶች ቤት እስኪያደርሰኝ ድረስ ቃል አልተነፈሰም። ስንወጣ ሊላንድ በዚያ መስኮት ቆሞ ነበር። ጠብቀኝ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። እሱን የሚወስደው ሰው ስላልተገኘ የትምህርቱ የመጀመሪያ አጋማሽ እስኪያልቅ እንዲቆይ ተፈቅዶለት ነበር።

የጻፍኩለት ሁሉ ሳይከፈት ተመለሰ። ያስጠጉኝ ዘመዶች ገንዘብም ስልክም አላስነኩኝም። ክረምቱ ሲጋመስ አብሮን ይማር የነበረ አንድ ልጅ በአጭሩ ጻፈልኝ፦ ሊላንድ በዲሴምበር ኩሬው ውስጥ ሞቶ ተገኘ፣ ሱፉን ለብሷል፣ ራሱን ነው ያጠፋው ይላሉ። እኔም አመንኩ። ከዳኝ ብሎ ነው የሞተው አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አብሮኝ የኖረው ይህ ነው፤ የሱ ሞት ብቻ ሳይሆን ሲሞት ስለ እኔ ያሰበው።

ብቻዬን ኖርኩ እንዳይመስልሽ። ከአልፎንስ ጋር፣ የዚህ አገር ዓሣ አጥማጅ፣ አንድ ጣሪያ ሥር አረጀን፤ ከስድስት ዓመት በፊት ቀበርኩት። ደግ ሰው ነበር። ስለ ሊላንድ ከአንድ ቀን በላይ አልነገርኩትም፤ ነገር ግን ብርድ ሲገባ ሳልጠይቀው የመኝታ ቤቱን መስኮት መቀርቀሪያ ይፈታ ነበር፤ ምናልባት የሚመጣ ካለ ብሎ። ማንም አልመጣም። እና አሁን ሊላንድ ለማያውቃቸው ልጃገረዶች በየዓመቱ ያንኳኳል ስትዪኝ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ በሙት መንፈስ ቅናት ያዘኝ።

የከንፈር ቀለም የሞላበት መስታወት ቢያይ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሆዱን እስኪያመው ይስቅ ነበር። ስለዚህ አትፍሪው። ሲያንኳኳ በስሙ ጥሪው።

ስሙን ስቀሉት፤ እፈልጋለሁ። የእኔን ስም ግን ዌንደል ሳያውቅ አጠገቡ እንዳታደርጊ። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ከሰው አፍ እንዲሰማው አልፈልግም። ንገሪው አልልሽም። ፈርተሽ ብትተዪውም አልፈርድብሽም፤ እኔም ስለ ሊላንድ አንድ ቃል ሳልነግረው ነው ያረጀሁት።

አጎትሽ ኦሪን


ኖቬምበር 24 ቀን

አጎቴ፤

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ይህን ሲያነቡ ቁጭ ብለው ያንብቡ፤ የሚጠጡት ነገር ካለም ይቅዱ።

ለአያቴ ነገርኩት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጥ ቤት ፖም ሲልጥ አገኘሁትና ስለ እርስዎና ስለ ሊላንድ የጻፉልኝን በሙሉ ነገርኩት። ስለ ራሴ አላነሳሁም፤ ለአንድ ቀን የእርስዎ በቃኝ።  ፖሙን ልጦ ጨረሰ፣ ቢላዋውን አጠበ፣ ወደ ላሞቹ ሄደ። እራት ላይ ስለ ድንች አወራን።

በቀደም ግን ከክፍል ስወጣ ዊንሎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የቤተ ክርስቲያን ካፖርቱን ለብሷል። ለማንም ሳይናገር፣ በዚያ በደከመ ዓይኑ፣ ራሱ ነድቶ ነው የመጣው። ሰላም እንኳ አላለኝም፤ የትኛው መስኮት ነው ብሎ ጠየቀኝ። በከዘራው እያረፈ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ልጆቹ በየበሩ ብቅ ብቅ ብለው አዩት፤ አንዷ ወንበር አመጣችለት፤ አልተቀመጠም። መስታወቱ በከንፈር ምልክት ተሞልቷል። መሐረቡን ሲያወጣ ሊያጠፋው ነው ብዬ ክንዱን ልይዘው ነበር። መነጽሩን ነው የጠረገው። ኩሬውን ረጅም ጊዜ አየ።

«ያ ልጅ እርሻችን ደወለ» አለ።

«ማን?»

«ኬስለር። ኦሪን መቼ ነው የሚመጣው ይለኛል። በየቀኑ ነው የሚደውለው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናቴ ታለቅሳለች። በመጨረሻ፣ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይመጣል አልኩት። ዝም እንዲል ብዬ ነው።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እና ዝም አለ።»

  ክንዱን ይዤ ደረጃውን አወረድኩት።

ወደ መኪናው ስንሄድ በሩን አየው። ቲያትር ክፍሉ የሚያስቀምጥበት ስላጣ እስካሁን ሳሩ ላይ ቆሟል። ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት፤ ማን እንደሚያልፍበት፣ ማን ማዶ እንደሚጠብቅ።

«አንቺስ አለፍሽ?»

«አላለፍኩም።»

«ለምን?»

«እርስዎን ፈርቼ።»

 አሁን መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል አልኩ። እሱ ግን ከዘራውን እየተከለ በሩን ዞረና ወዲያ ማዶ ቆመ። እጁን አልዘረጋም፣ አልሳቀም። «በይ ቶሎ በይ፤ በረዶ ሊጥል ነው» አለኝ። አለፍኩ። ካፖርቱ የላም ሽታ ነበረው፤ እዚያ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ስለ ስልኩ ለእርስዎ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ጻፊለት። እኔ እጄ እምቢ አለኝ» አለ። ቢረግሙትም እንዲያውቁ ይፈልጋል። እኔ ግን በእርስዎ ፋንታ ተናድጄበታለሁ፤ እወደዋለሁም፤ ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምይዝ አላወቅኩም። በቤተ መጻሕፍቱ ከሊላንድ ስም ሥር ምን እንጻፍ?

ሮዌና


ዲሴምበር 9 ቀን

ለልጄ ለሮዌና፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለሊላንድ። ያን በር ስላለፍሽ እግዚአብሔር ይመስገን። የልጅ ልጅ የለኝም ብዬ ነበር የምሞተው፤ አሁን አለኝ እላለሁ፤ ዌንደል ከፈለገ ይከራከረኝ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ባሕሩ ዳር ወጣሁ። አንድ ጎረቤቴ ጀልባ ሲቀባ ነበር፤ ምን ሆንክ አለኝ፤ ቅዳሜ ነው አልኩት። ሐሙስ ነው አለኝ።

ዌንደል የማያውቀውን፣ እናንተም የማታውቁትን ልንገርሽ። የቅዳሜው አውቶቡስ በዚያን ጊዜ የሚቆመው ከኩሬው ማዶ፣ በወፍጮው መንገድ ላይ ነበር። ከዊንሎ ወደዚያ ለመድረስ ኩሬውን መዞር አለብሽ። ሊላንድ ግን መዞር አይሆንለትም ነበር። ኩሬው ትንሽ በረዶ ከጋገረ በላዩ ነው የሚሄደው፤ ስንት ቀን ተቆጥቼዋለሁ፣ አንተ አንድ ቀን ትሰምጣለህ እያልኩ። በዲሴምበር መጀመሪያ በረዶው ገና ስስ ነው።

ራሱን አላጠፋም፣ ሮዌና። ሱፉን የለበሰው ለሞት አይደለም። ከመስኮቱ አውቶቡሱን አይቶ ሊቀበለኝ እየሮጠ ነው የወጣው። ከዳኝ ብሎ አልሞተም፤ መጣልኝ ብሎ ነው የሞተው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሃምሳ ዓመት ማደር ግን በዛ። ቢሆንም ትናንት ተኛሁ። ያለ ኪኒን ተኛሁ።

ከስሙ ሥር እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «የዚህ ኮሌጅ ተማሪ። ኦሪን ሾዋልተርን ይወድ ነበር፤ ሊቀበለውም ሲሄድ በረዶው ተሰብሮ ሞተ።» ስሜን ሙሉውን ጻፉት። ተረቱን ለሚያወሩት ልጆችም ንገሪያቸው። መሳሙን ግን አትከልክያቸው። ለእኔም ለሱም ሆኖ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ወንድሜ። ይቅር ብዬሃለሁ በይው እንዳልልሽ፣ ውሸት ይሆናል። ክርስቲያን ነኝና አንድ ቀን እደርስበት ይሆናል፤ ገና መንገድ ላይ ነኝ። ያቺን ውሸት ሲናገር እሱም ወጣት ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። ሊላንድን የገደለችው፣ ተስፋ ይዞ እንዲሞት ያደረገችውም ያቺው ውሸት ናት። አንቺ ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እይዛለሁ ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እኔም አላወቅኩም።

ኩሬውን ሳላይ መሞት አልፈልግም። መንገዱ ሲከፈት፣ ጸደይ ላይ እመጣለሁ። ቀኑን ቆርጬ ላንቺ እጽፍልሻለሁ። ለዌንደል ኦሪን ይመጣል ብለሽ ብቻ ንገሪው። ቀኑን አትንገሪው። እሱም መስኮት ዳር ተቀምጦ ትንሽ ይጠብቅ።

አጎትሽ ኦሪን